የተደፋው ሙቀጫ

ማ ዶራ ሐሙስ ጠዋት በማድ ቤቷ ደጃፍ ሞታ ስትገኝ ቤል ፎንቴን በምትባለው የደሴት መንደር ውስጥ ያልደነገጠ አልነበረም፤ የተገረመው ግን ጥቂት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ «ሱኩያ ናት» ስትባል የኖረች አሮጊት በአልጋዋ ላይ በሰላም ትሞታለች ብሎ የጠበቀ ሰው የለማ። ሱኩያ ማለት ማታ ማታ ቆዳዋን አውልቃ ሙቀጫ ውስጥ የምትደብቅ፣ የእሳት ኳስ ሆና እየበረረች የሰው ደም የምትመጥ አሮጊት ናት። ማ ዶራ በዚህ ስም አንድ ቀን እንኳ አልከፋትም። እንዲያውም ጎረቤቷ ታንቲ ኦርሊን በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ስትሰድባት፣ «ሱኩያ ብሆን መጀመሪያ ያንቺን ደም እመጥ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ኮምጣጣ ነው!» ብላ ትመልስላት ነበር።

ከጉዋቭ ወደብ ጀምሮ እስከ ተራራው ድረስ እንደ እሷ ተረት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ አፍ አሁን ተዘግቷል። የራስ ቅሏ ከኋላ በዘነዘና ተመትቷል። ዘነዘናው ታጥቦ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ሁለት ሽበቶች ቀርተዋል። ደረጃው ላይ ነጭ ሩዝ ተበትኗል። ከጎኗ ትልቁ የእንጨት ሙቀጫ አፉ ወደ መሬት ተደፍቷል፤ ወደ ላይ በዞረው ቂጡ ላይ አንድ እፍኝ ጨውና ቀይ በርበሬ ተከምሯል። ከበላዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ ውሃ መቅጃ ቅሏ እንደወትሮው ተንጠልጥሏል።

ኮንስታብል ሬድሄድ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው። ኢንስፔክተር ሄርሚን ካዶር ከዋና ከተማው መጥታ፣ የገውዝ ቅርፊት በተነጠፈበት መንገድ የሚያማትን ጉልበት እየጎተተች ስትደርስ፣ ገና ሰላም ሳይላት ጀመረ።

«ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሱኩያ ናት ብለው ገደሏት። እሑድ ዕለት ታንቲ ኦርሊን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ "አንድ ቀን ጨው እነሰንስብሻለሁ" ብላ ስትጮህ መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። ላስራት?»

«ቁርስ በልተሃል?» አለችው ካዶር።

«አልበላሁም።»

«እንግዲያው ሂድና ብላ። ባዶ ሆድ ሰው ያሳስራል።»

እሷ ግን ጎንበስ ብላ ከደረጃው ላይ ሦስት የሩዝ ፍሬዎች አነሳች፤ አንዷንም በጥርሷ ሰበረቻት። ደረቅ ናት። ትናንት ከምሳ በኋላ የጣለው ዝናብ አሥር ሰዓት ላይ አባርቷል፤ ሐኪሙ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞታለች ብሏል። ስለዚህ ሩዙ የተበተነው ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ መንደሩ በሙሉ የክሪኬት ፍጻሜ ግጥሚያ ለማየት ሜዳ በወረደበት ሰዓት ነው። ከዚያ ሙቀጫውን ዙሪያውን እየዞረች ደጋግማ አየችው። ካዶር ራሷ የዚህ ደሴት ልጅ ናት፤ አክስቷ ያሳደገቻት በተረት ነው። አንድ ነገር አልጥም አላት።

ታንቲ ኦርሊን ከማ ዶራ ጋር ዘወትር ትጨቃጨቅበት በነበረው፣ ግቢው ውስጥ ባለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰውም በቁጣ ነው።

«ብያለሁ! ሱኩያ ናት ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ!» አለች ኢንስፔክተሯን ስታይ። «እሰሩኝ! ግን ልጠይቅሽ፣ ልጄ፤ እኔ ብገድላት ነገ ጠዋት ተነስቼ ከማን ጋር ልጣላ ነው? ከዚያ ከሬድሄድ ጋር? እሱ እንደሆነ መልስ አያውቅ!»

«ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ የት ነበሩ፣ ታንቲ?»

«ከቤቴ። ኳስ በዱላ ሲመቱ ለማየት ቁልቁለት አልወርድም። ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም፤ ደስ ይበላችሁ።»

«አንድ ነገር ብቻ ያስተምሩኝ። ሱኩያ እንዴት ነው የምትያዘው?»

አሮጊቷ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች፤ ይሄ የምታውቀው ነገር ነው። «ደጇ ላይ ሩዝ ትበትኛለሽ። የተበተነ ነገር ካየች ሳትቆጥር ማለፍ አይሆንላትም፤ ስትቆጥር ይነጋባታል። ቆዳዋ ሙቀጫ ውስጥ ነው። ጨውና በርበሬ ትነሰንሽበታለሽ። መጥታ ስትለብሰው ይለበልባታል፤ ቆዳዋ ራሱ "አላውቅሽም" ይላታል። አለቀ። ይሄን የማያውቅ ሕፃን አለ እንዴ?»

ካዶር አመስግና ሄደች።

የማ ዶራ የልጅ ልጅ ጆኔል ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉዋቭ ውስጥ ገውዝ መልቀሚያ ቤት ትሠራለች። ቡድናቸው አሸንፎ ስለነበር ጓደኛዋ ቤት አድራ ነው የመጣችው። ይህን ስትናገር ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ስትገልጠው ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«አባ አንሴልም "ነገሩ ሳይበዛ ቶሎ እንቅበራት" አሉኝ። ገባዎት? ሱኩያ እንደሆነች ልትቀበር ነው! ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ልጅ ማስፈራሪያ ይሆናል፤ ተረቷ ደግሞ በሌላ ሰው ስም ይሸጣል። ይሄማ አይሆንም። ሞቼ እገኛለሁ።»

«በማን ስም?»

«ኦብሪ ፓስካል የሚባል ደራሲ አለ። ቅዳሜ እዚሁ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ የተረት መጽሐፍ ሊያስመርቅ ነው። አያቴ "እሄዳለሁ፤ በሰው ፊት እጠይቃለሁ" ብላ አዲስ ባርኔጣ ገዝታ ነበር።»

«ለዚህ ሰው ተረት ነግራው ታውቃለች?»

«ጥር ላይ ሩም ይዞ መጥቶ ነግራዋለች። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሚስ ቨርናም ለቤተ መጻሕፍቱ ብላ በቴፕ ቀድታታለች። እኔ እቆጣ ነበር፤ እሷ ግን ትስቃለች። "ለጠየቀኝ ሁሉ ፍየል እሰጣለሁ፤ ግን በየአንገቱ ቃጭል አስሬ ነው" ትለኛለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልነገረችኝም። የሚገርመው ማክሰኞ ዕለት ሚስ ቨርናንም "ያንቺን መጽሐፍ እስቲ አንብቢልኝ" ብላት ነበር። ገና አላለቀም አለቻት።»

ካዶር ቃጭል የሚለውን ቃል በልቧ ይዛ ወደ ጉዋቭ ወረደች።

ኦብሪ ፓስካል በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዓሣና የተጠበሰ ሙዝ እየበላ ነበር። ሐዘኑን የገለጸበት ቃል ያማረ ነው፤ ዓሣውን ግን አላቋረጠም።

«ተረት የሕዝብ ነው፣ ኢንስፔክተር። ባለቤት የለውም» አላት።

«መጽሐፉስ?»

«መጽሐፉማ የእኔ ነው።»

«ድንቅ ነው። እስቲ የሱኩያውን ገጽ ያሳዩኝ።»

ገና ቀለሙ የሚሸት መጽሐፍ ከፈተላት። ሥዕሉ ላይ አንድ ትልቅ ቅል ተደፍቷል፤ የሱኩያ ቆዳ ከሥሩ ተጣጥፏል፤ ጨውና በርበሬ በቅሉ ጀርባ ላይ ተነስንሷል። ከታች «በቤል ፎንቴን የተነገረ» ይላል። የማን አፍ እንደነገረው አይልም።

«ቅሉን ከየት አመጡት?»

«ማ ዶራ ራሷ እንደነገረችኝ ነው የጻፍኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም» አለ ተቀይሞ። «ሌባ እንደምባል አውቃለሁ። ግን ጠይቄ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሰምቼ ነው።»

«ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላስ?»

«እዚሁ ነበርኩ፤ ብቻዬን። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ለምርቃቱ ወንበር እንዲጨምሩልኝ ቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ደወልኩ። ሁለቴ። የሚያነሳ ጠፋ።»

ካዶር ከሳህኑ ላይ አንድ ቁራጭ ሙዝ አንስታ እየበላች ወጣች። ሰውዬው ኩሩ ነው፤ ራስ ወዳድም ነው። ኩራት ግን ወንጀል ቢሆን ኖሮ ደሴቲቱ እስር ቤት አይበቃትም ነበር።

የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ሚስ ቨርና!» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሰኞ ዕለት ሬዲዮው ቨርና ጊተንስ ከራሷ ያፈለቀችውን መጽሐፍ ባሕር ማዶ ያለ አሳታሚ ሊያትምላት እንደተዋዋለ አውጆ ነበር፤ መንደሩም ኬክ ጋግሮላታል። የሚገባት ነው የማይል የለም። ከዋና ከተማው፣ ተረት ኃጢአት ነው ከሚባልበት ጥብቅ ቤት ወጥታ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የመንደሩን ልጅ ግማሹን ፊደል ያስቆጠረች እሷ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ልቅሶውም የውሸት አልነበረም።

«ትናንት የት ነበርሽ፣ ሚስ ቨርና?»

«እዚህ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ሰው ሁሉ ግጥሚያ ሄዶ አንድ አንባቢ እንኳ ብቅ አላለም።»

«ስልክም አልተደወለ?»

«ስልክም አልተደወለ። ጸጥ ብሎ ነበር።»

«ማ ዶራን ቀድተሻት ነበር አሉ።»

«ሠላሳ አንድ ተረት። ግን ካሴቶቹን እርጥበት በላቸው» አለችና መሐረቧን አወጣች። «ያ ፓስካል እንደ አልቅት ሲመጥጣት እኔ ነኝ የተሟገትኩላት። ሌባ!»

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እኔ የከተማ ፖሊስ ሆኜ ረስቼዋለሁ። ሱኩያ እንዴት ነው የምትያዘው?»

ቨርና እንባዋን ዋጠች፤ ድምፅዋም የመምህር ድምፅ ሆነ። «በየቦታው የሚወራው የተለያየ ነው፤ መጽሐፍ ላይም የለም። የቤል ፎንቴኑ ግን ልዩ ነው። ሩዙን ደጅ ላይ ይበትናሉ። ከዚያ ሙቀጫውን ይደፉትና ጨውና በርበሬውን በቂጡ ላይ ይከምሩታል። ጥንታዊው ሥርዓት ይሄ ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተር፣ ይሄን ያደረገ ሰው አማኝ ነው፤ የመንደሩ ሰው ነው። በታንቲ ኦርሊን ላይ ልፈርድ አልፈልግም፤ ግን…»

«አትፍረጂ» አለች ካዶር። «ለመፍረድ ገና ነው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በማ ዶራ ግቢ፣ በዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ካዶር ሙቀጫውን እንደተደፋ መሐል አስቀምጣው ነበር። የመንደሩ ሰው ከአጥሩ ውጭ ተደርድሯል፤ ገሚሱ ለሐዘን፣ ገሚሱ ለወሬ። ኢንስፔክተሯ ዱላዋን ተደግፋ ቆመችና ማንም ያልጠበቀውን አደረገች።

«ክሪክ?» አለች።

ደሴቲቱ ላይ ተራኪ ክሪክ ካለ፣ ሰሚ ክራክ ሳይል አይቀመጥም። ሰው ሳያስበው አፉ መለሰ፤ «ክራክ!»

«አንዲት ሴት ነበረች። ተረቷን እየሰሙ ስሟን የሚያጠፉባት። ይህች ሴት ሌባውን መለየት ፈለገች። አሁን እናንተው ፍረዱ። ታንቲ ኦርሊን፣ ይህን ሙቀጫ እርስዎ ደፍተውታል?»

ታንቲ ኦርሊን ሙቀጫውን አሁን ነው ልብ ብላ ያየችው። ሐሙስ ዕለት በትግሉ የወደቀ መስሏት ነበር። ወደ እሱ ጠጋ ብላ ከላዩ የተከመረውን ጨው ስታይ ፊቷ ተቆጣ።

«ይሄን የሠራው የትኛው ደደብ ነው? ቆዳው እኮ ውስጥ ነው! ሙቀጫውን ከደፋሽው ለሱኩያዋ ክዳን ሆንሽላት! ጨው አይነካት፣ በርበሬ አይነካት! ይሄ ሱኩያ መያዝ ሳይሆን ሱኩያ ማኖር ነው!»

አጥሩ ላይ ያሉት ሳቁ፤ ወዲያውም አፈሩ።

«ሰማህ፣ ሬድሄድ?» አለች ካዶር። «ከልቡ የሚያምን ሰው ሙቀጫ አይደፋም። ታንቲ ኦርሊን ብትገድል ኖሮ ጨውን ውስጥ ነበር የምትጨምረው። ስለዚህ ገዳዩ አማኝ አይደለም፤ አማኝ መምሰል የፈለገ ሰው ነው። ሥርዓቱን ከእናቱ አልሰማም፤ ከሆነ ቦታ ቀድቶታል። ታዲያ የተሳሳተው ሥርዓት ከየት መጣ?»

ወደ ጆኔል ዞረች።

«አያትሽ በየፍየሉ አንገት ቃጭል አስራ ነበር። እያንዳንዱ ጠያቂ አንድ ውሸት ተሰጥቶታል፤ ለየብቻው። ፍየሉ ከተሰረቀ ቃጭሉ የማን ቤት እንዳለ ይናገራል። አቶ ፓስካል፣ የእርስዎን ያንብቡልን።»

ፓስካል ገጹን ገለጠ። አነበበ። ድምፁ ቀስ በቀስ ወረደ። «…ቅሉን ደፍተው፣ ጨውን በጀርባው…» አለና ቆመ። «ውሸት ነው የሰጠችኝ?»

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል!» አለች ታንቲ ኦርሊን በሳቅና በንቀት መሐል። «ማነው ሱኩያን በቅል የሚሸፍናት?»

«ይኸው ቅል ነው ያዳናቸው» አለች ካዶር። «አቶ ፓስካል የሚያውቁት ቅል ነው። ገድለው ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ቅል ያወርዱ ነበር። ቅሉ ግን ከቦታው አልተነካም። የተደፋው ሙቀጫ ነው። ሐሙስ ዕለት ሦስት ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። አንደኛዋ ውስጥ ነው አለችኝ። ሁለተኛው ቅል አለኝ። ሙቀጫው ይደፋል፣ ጨው በቂጡ ይከመራል፣ ጥንታዊው የቤል ፎንቴን ሥርዓት ነው ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ስም አልጠራም። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ግን ወደ ሚስ ቨርና ዞሮ ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረቻቸው ልጆች ጭምር።

«እኔ… ከሷ ነው የሰማሁት» አለች ቨርና። «እንደነገረችኝ ነው የነገርኩሽ። መስማት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን የስልክ መዝገቡ እንደሚለው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ሁለቴ ጮኾ አንቺ ጸጥታ ነበር አልሽኝ። ደግሞ ዛሬ ጠዋት አሳታሚሽ በኢሜይል መጽሐፍሽን ላከልኝ። ከራሴ ያፈለቅኩት ብለሻቸዋል። ሠላሳ አንድ ተረት ነው፤ እርጥበት በላቸው ካልሽው ካሴት ጋር ቁጥሩ ገጠመ። የማ ዶራ ስም ግን አንድም ቦታ የለም። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ሙቀጫው ተደፍቷል።»

ቨርና ተነሳች፤ ተመልሳም ተቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ነበር።

«ፈርሚልኝ ብዬ ወረቀት ይዤላት ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ዓመት ጻፍኩት፣ አቃናሁት፣ አሳመርኩት። እኔ ባልጽፈው ከሷ ጋር ይቀበር ነበር! ሳቀችብኝ። "ልጄ፣ ለማያውቅሽ ታጠኝ" አለችኝ። "ቅዳሜ በሰው ፊት አስነብብሻለሁ፤ ያን ጊዜ ቃጭልሽ ይጮኻል" ብላኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዘነዘናው እጄ ላይ ነበር። ቃጭል ያለችው ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም…»

«አሁን ጮኸ» አለች ካዶር። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

ቅዳሜ ምርቃቱ ቀርቶ ቀብር ሆነ። ካዶር አልመጣችም፤ ጉልበቷ አብጦ ነበር። ፓስካል ጥቁር ለብሶ መጥቶ ጆኔልን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት።

«ማስተካከል እፈልጋለሁ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ በምስጋናው ገጽ፣ ስሟን…»

«ምስጋና ገጽ?» አለች ጆኔል፤ ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረችም። «ሙሉውን ፍየል ሰጥታህ አንተ ጅራቱን ትመልስልናለህ? ስሟ ከሽፋኑ ላይ፣ ከስምህ በላይ ይጻፍ። ካልሆነ ቅልህን ይዘህ ሂድ። የሷን ተረት እኔ እጽፈዋለሁ፤ ቃጭሉን ፈትቼ። ሠላሳ አንዱንም፣ አንተም ሚስ ቨርናም ያልሰማችሁትንም።»

ሰውዬው መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ከሕዝቡ ኋላ ቆመ።

አባ አንሴልም ጸሎቱን አሳጥረው ጨረሱ። አፈሩ ሊመለስ ሲል ጆኔል ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ወጣች፤ አያቷ ለቅዳሜ የገዛችውን አዲስ ባርኔጣ አድርጋለች። በጠራራ ፀሐይ፣ በመቃብር ላይ፣ በቄስ ፊት ተረት አይነገርም። ታውቃለች።

«ይህች ዩዶራ ላብሎንድ ናት!» አለች። «ሱኩያ ያላችኋት። ልጆቻችሁን በተረቷ ያስተኛችሁባት። ክሪክ?»

አባ አንሴልም እጃቸውን አነሱ። ሕዝቡ አያቸው፤ እሷን አያት።

«ክራክ!»

የመጀመሪያዋ ታንቲ ኦርሊን ነበረች። ቀጥሎ ሬድሄድ፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ ቀጥሎ ተራራው በሙሉ። ጆኔልም ተረቱን አንድ ቃል ሳታጎድል፣ ሙቀጫውን ሳትደፋ፣ እስከ መጨረሻው ተናገረችው። የቄሱ እጅ መሐል ላይ ሳይታወቃቸው ወርዶ ነበር።

ሰው ሁሉ ሲበተን ታንቲ ኦርሊን ብቻዋን ቀረች። የማ ዶራን ሙቀጫ በጀርባዋ ተሸክማ ነበር የመጣችው፤ በሰባ ስድስት ዓመቷ፣ ያን ሁሉ ዳገት። በትኩሱ አፈር ላይ አፉን ወደ ላይ አድርጋ አቆመችው፤ እንዳይወድቅም ዙሪያውን በድንጋይ አስደገፈችው።

«ለምን አመጡት፣ ታንቲ?» አለቻት ጆኔል።

«ተነስታ ብትመጣ ጨውን የማስቀምጥበት ላጣ ነው?» አለች አሮጊቷ። ከዚያም እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ወደ መቃብሩ ጎንበስ ብላ ጮኸች። «ሰማሽ፣ ዶራ? በትክክል ነው ያቆምኩልሽ! ነይ እንጂ!»